ከወዳጆ ጎን ያልወጣ አጥንት

በዚያ በደርግ ዘመን ሞላሌ ገበያ ወጥቶ የወዳጆ ተገኘን ጉራ ሳይሰማ የተመለሰ ሰው ካለ ጆሮው አይሰማም ማለት ነው። ሰውዬው የሚኮራበት ሁለት ነገር ነበረው፤ አንዷ ቦራ የምትባለው በቅሎው፣ ሁለተኛዋ ሚስቱ ጥሩሸዋ። ስለ በቅሎዋ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል። ስለ ሚስቱ ሲያወራ ግን ድምፁ ብቻ ሳይሆን ቁመቱም የሚጨምር ይመስላል። ደግሞ እኮ አይፈረድበትም! ጥሩሸዋ የሠርግ ዘፈን አውራጅ ነበረች። ከሞላሌ እስከ ቀየት ልጁን የሚድር ሁሉ ጠላውን ከመጥመቁ በፊት "ጥሩሸዋ ትመጣለች ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ድዷን በልጅነቷ ተነቅሳ ጥቁር አድርጋዋለች፤ በዚያ ጥቁር ላይ የተደረደሩትን ጥርሶቿን ስትስቅ ያየ ሰው የመጣበትን ይረሳል።

ታዲያ ጉዱን ያመጣችው ያቺው የተወደሰችው ቦራ ናት። ጥሩሸዋ "ይህች በቅሎ ተራጋጭ ናት፣ ሽጣት" እያለች ስንት ጊዜ ለምናዋለች። እሱ ደግሞ "ወኔ ነው እንጂ ክፋት አይደለም" ይላል። አንድ የመኸር ቀን ከአውድማ ገብስ ሲያስገቡ ስልቻ ወደቀና ጥሩሸዋ ልታነሣው ከበቅሎዋ ኋላ ጎንበስ አለች። ቦራ እግሯን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰነዘረችው። የላይኞቹ አራት የፊት ጥርሶች ከያዛቸው አጥንት ጋር ተገንጥለው ወጡ።

ቁስሉ ዳነ፤ ጥሩሸዋ ግን አልዳነችም። ጥርሶቹ የነበሩበት ቦታ ጎድጉዶ፣ የላይኛው ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አውርዳ አታውቅም። ሳቅ ሲያመልጣት እጇ ከሳቁ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል። ለሠርግ የሚጠሯትን "ጉሮሮዬን ታመምኩ" እያለች ትመልሳለች። ወዳጆ ቦራን መሐል ሜዳ ገበያ አውጥቶ ላገኘው ሰው ሸጣት፤ ስሟንም ዳግመኛ አልጠራም። የሰውዬው ጉራ በአንድ ርግጫ ሁለቱም እግሩ ተሰበረ።

ይህ እንዳለ አንድያ ልጃቸው ኮከቤ ታጨች። መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር፣ በአባቷ አፍ የምትናገር፣ በእናቷ ልብ የምትጨክን ልጅ ናት። የእጮኛዋ አባት አቶ ተክለጻድቅ ከቀየት ሽማግሌ ሲልኩ ሁሉም ነገር አማረ፤ ነገሩ የተበላሸው ኮከቤ ዘንድ ሲደርስ ነው።

"እማዬ ለሰው ልጅ ሁሉ አውርዳለች" አለች። "ለእኔ ካላወረደችልኝ ከዚህ ቤት አልወጣም። በሥላሴ ስም ምያለሁ!"

መሐላ ከወጣ ወዴት ይመለሳል? ሽማግሌ ሄዶ ሽማግሌ መጣ፤ በመጨረሻ አቶ ተክለጻድቅ "እስከ ከርሞ ጥር እንታገሣለን። ከዚያ ካለፈ ልጄ ሌላ ቤት ያንኳኳል" አሉ። ጥሩሸዋ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ወዳጆ ደግሞ ሲሮጥ ወደ ክሊኒክ ሄደ።

የሞላሌው ድሬሰር አዋቂ ሰው ነው። አዲስ አበባ አንድ ሐኪም መምጣቱን፣ ባሕር ማዶ ተምሮ ጥርስ በብሎን አጥንት ላይ የሚተክል መሆኑን ሰምቶ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አፈወርቅ የይለፍ ወረቀቱን ሰጣቸው፤ ባልና ሚስት በእህል መኪና ላይ ተጭነው፣ የጣርማበር ብርድ እየገረፋቸው ሄዱ።

ዶክተር ገሠሠ ገና ጎልማሳ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል። የጥሩሸዋን አፍ ለብዙ ጊዜ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ ራጅ አስነሣ።

"ብሎኑን መትከል እንኳ አያስቸግርም" አለ። "ትንሽዬ ናት፤ አጥንት ውስጥ ትቀበርና አጥንቱ ራሱ አቅፎ ይይዛታል፣ በላይዋ ላይ ጥርስ ይታሠራል። ችግሩ፣ አጥንቱም ከጥርሶቹ ጋር ሄዷል። ምሰሶ አለን፣ መትከያ መሬት የለንም። መጀመሪያ ከሌላ ቦታ አጥንት አምጥተን ጎድጓዳውን እንሞላለን፤ እስኪይዝ እንጠብቃለን። ከዚያ ብሎኑ፤ ደግሞ እንጠብቃለን። ከዚያ ጥርሱ።"

"ለከርሞ ጥር ይደርሳል?" አለች ጥሩሸዋ ከነጠላዋ ሥር።

"አጥንቱ ከያዘ ይደርሳል። ካልያዘ ግን እስከዚያ ሁለተኛ የምንሞክርበት ጊዜ የለንም።"

ለሥራው ቀን ተቀጥረው ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ ወዳጆ ዝም ብሏል፤ ይህም ከተአምር የሚቆጠር ነው። ሐኪሙ "ከሌላ ቦታ አጥንት" ሲል እሱ ነገሩን ጨርሶታል። በልጅነቱ ዲቁና ተምሮ ኦሪት ዘፍጥረትን አንብቦ የለ! ለሴት አጥንት ከየት እንደሚወጣ ከዓለም መፈጠር ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ሔዋን ከማን ጎን ወጣች?

ዝምታው ሞላሌ ሲደርሱ አበቃ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ጽዋው ሲዞር ብድግ ብሎ ቆመ።

"ወገኖቼ" አለ፣ "እኔ ወዳጆ ለሚስቴ የጎን አጥንቴን ልሰጥ ነው። የእኔ በቅሎ ያጎደለችውን የእኔ ጎን ይሙላው!"

ጉድ ፈላ! ሴቶቹ አለቀሱ። የንስሐ አባቱ መምሬ ወልደ አማኑኤል ተነሥተው በመስቀላቸው ጎኑን ባረኩት፤ የትኛው እንደሚወጣ ስላልታወቀ ቀኙንም ግራውንም። አፈወርቅ እንኳ፣ ስለ ሃይማኖት ነገር ጆሮውን የማይሰጠው ሰው፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ "ጓድ ወዳጆ ለሰፊው ገበሬ ምሳሌ ነው" ብሎ አስጨበጨበለት። ከቦራ ርግጫ ወዲህ ያልተነፋው የወዳጆ ደረት ተነፋ። ጥሩሸዋ ብቻ "አንተ ሰው፣ ሐኪሙ ሳይናገር ምን አስለፈለፈህ?" አለችው። እሱ መች ሊሰማ!

ቀጠሮው ደርሶ ሆስፒታል ገብተው ለጥሩሸዋ አልጋ ሲሰጧት፣ ወዳጆም ጋቢውን አውልቆ፣ ሸሚዙን ከፍቶ ጎኗ ቆመ።

"እርስዎ ምን ሆነዋል?" አለው ዶክተር ገሠሠ።

"እኔማ ዝግጁ ነኝ። በየትኛው በኩል ይሻልዎታል?"

ሐኪሙ ነገሩ ሲገባው አልሳቀም፤ ያ ነው ወዳጆን በኋላ ያስወደደው። ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

"አቶ ወዳጆ፣ የእርስዎ አጥንት ለሷ እንግዳ ነው። ሰውነቷ አይቀበለውም፣ ያባርረዋል። የሚይዘው የገዛ ራሷ አጥንት ነው፤ ከዳሌዋ ጫፍ ቆርጠን እንወስዳለን።"

"የአዳምን አጥንት ሔዋን መች አባረረችው?"

"ያን የሠራው እግዚአብሔር ነው" አለ ሐኪሙ። "እኔ ገሠሠ ነኝ።"

ወዳጆ ሸሚዙን ቆለፈ። እንደዚያ ቀን ያለ ውርደት አያውቅም። ለሚስቱ ልሰጥ ያለው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበረ፤ አሁን ከራሷው ላይ ተቆርጦ ለራሷ ሊሰጣት ነው። እሱ ምን ሊያደርግ መጣ? በሩ ላይ ተቀምጦ ዳዊት ሲደግም ዋለ።

ጥሩሸዋ ስትነቃ ፊቷ አብጦ፣ ዳሌዋ በጨርቅ ታሥሮ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችው ነገር፣ "ንቅሳቴን አበላሸው?" የሚል ነው። ዶክተር ገሠሠ ድዷን ሲሰፋ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኝቶ ሰፍቶታል። ይህን ሲነግራት ዓይኗን ጨፍና ተኛች።

ሲሸኛቸው ትእዛዙን አወረደው። ጠንካራ ነገር በአፏ እንዳይገባ፤ ቆሎ ጨርሶ እንዳይታሰብ። ወተትና እንቁላል ትጠጣ፣ ትብላ። ዳሌዋ እስኪጠና ደግሞ ሸክም የሚባል ነገር እንዳትነካ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ስለ ወተቱ ጥሩሸዋ አሻፈረኝ አለች። መምሬ ወልደ አማኑኤል "ለሕመምተኛ ተፈቅዷል ልጄ" ቢሉም ንቅንቅ አላለችም፤ የገብስ አጥሚት እየጠጣች ከረመች። ሸክሙ ነው ያስቸገረው።

ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፣ ምንጩ ከታች። ኮከቤ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ናት። ከጎረቤት ቀድማ የደረሰችው ይመኙሻል ነበረች፤ ጥሩሸዋ ካቆመች ወዲህ ሠርግ ሁሉ ላይ የምታወርደው እሷ ናት። እንስራዋን ይዛ መጥታ "አይዞሽ እታለም፣ እኔ እቀዳልሻለሁ። ድሮም ቢሆን ሥራሽን ሁሉ የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁ?" አለች። ጥሩሸዋ አመሰገነቻት። እግሯ ከበር እንደወጣ ግን ወደ ባሏ ዞራ "የሷን ውኃ ከምጠጣ ጥም ይግደለኝ" አለች።

ወዳጆ እንስራውን አየ። ወንድ ልጅ፣ ያውም የመንዝ ወንድ፣ ያውም በሰንበቴ ቆሞ የፎከረ ወንድ፣ እንስራ አዝሎ! ቦራ ብትኖር እንኳ በሷ ላይ ይጭነው ነበር። ሌላ መላ የለም። ጎህ ሳይቀድ፣ ሴቶቹ ሳይወጡ ወረደ። የመጀመሪያውን እንስራ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሰበረው። ሁለተኛውን ማዘያውን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ እየማለ እያማተበ ቤት አደረሰው። ጥሩሸዋ ከመደቡ ላይ ሆና አየችው።

እስከ መቼ ይደበቃል? አንድ ማለዳ ምንጩ ላይ ሴቶች ቀድመውት አገኛቸው። ሳቁ እስከ ጓሳ ሳይሰማ አልቀረም። "ኧረ አዳም መጣ! ጎንህን አሳየን እስቲ!" እያሉ ከበቡት። የሞላሌ ሰው ቀድሞም የቁስሉን ምልክት ሊያይ ሲጓጓ ነበረ፤ ጎኑ ላይ የትንኝ ንክሻ እንኳ እንደሌለ ሲሰማ "አዳም" ብሎ ስም አውጥቶለት ቆይቷል። ይመኙሻል ደግሞ እዚያው እያጨበጨበች አወጣችለት፦

"ጎኔን ልስጥ ያለው ጎኑ ደህና መጣ፣
እንስራ አዝሎ ዋለ ዳገቱን ሲወጣ።"

ግጥሙ በሳምንቱ ገበያ ደረሰ፤ ልጆች ሳይቀሩ ያዙት። ወዳጆ ያን ጊዜ ገበያ መውጣት ተወ። ውኃውን ግን አልተወም። ፊቱ እየቀላ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በጠራራ ፀሐይ በሴቶቹ መሐል ወርዶ ይቀዳል። አንድ ቀን ብቻ ለሚስቱ "ጥሩዬ፣ ይህን የውኃ ነገር ለኮከቤ እንዳትነግሪያት። የሙሽራ አባት ነኝ፣ በአማቾቼ ፊት አታዋርጂኝ" አላት። ጥሩሸዋ አጥሚቷን ፉት እያለች፣ እሺ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

ፋሲካ አልፎ ሲመለሱ ዶክተር ገሠሠ ድዷን ከፈተ። ወዳጆ በሩ ላይ ሆኖ ዳዊት ይደግማል፤ አጥንቱ ካልያዘ ሠርጉም የለ፣ ዘፈኑም የለ፣ ያ ሁሉ ዳገትም ለከንቱ። ሐኪሙ ሲወጣ ግንባሩ በላብ ረጥቦ ነበር።

"ምን ዓይነት አጥንት ነው ያላችሁ እናንተ አገር?" አለ። "ይዞ ብቻ መች ቀረ፣ ጠንክሮ መሰርሰሪያዬን አስቸገረው እኮ!"

"የመንዝ ገብስ ነዋ!" ብሎ ጮኸ ወዳጆ፤ ነርሷ ዝም በል እስክትለው ድረስ።

ብሎኖቹ ተቀበሩ፣ ክረምቱ አለፈ፣ በታኅሣሥ ጥርሶቹ ታሠሩ። ዶክተር ገሠሠ መስታወት ሰጣት። ጥሩሸዋ መስታወቱን ወዲያውኑ አላነሣችውም፤ መጀመሪያ በምላሷ ዳሰሰች፣ ቀጥላ በጣቷ፣ በመጨረሻ አየች። የሐኪሙ ስፌት በንቅሳቱ ጥቁር ውስጥ ጠፍቷል፤ የታሠረውና የበቀለው የት እንደሚለያይ እሷ ራሷ መለየት አቃታት። ሐኪሙ የሥራ ባልደረቦቹን እየጠራ "ኑ እዩ፣ እስቲ የኔን ሥራ ፈልጋችሁ አውጡ!" ይላል፤ እንደ ልጅ እየተደሰተ። ኩራቱ የሁሉም ነበር፤ ወዳጆ ግን ለራሱ ድርሻ ፈልጎ አጣ። አጥንቱ የሷ፣ እጁ የሐኪሙ። የእሱስ የቱ ነው?

ሲመለሱ መኪናው ላይ ጥሩሸዋ ነጠላዋን አፏ ላይ መልሳ ጠመጠመች።

"እስከ ሠርጉ ቀን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ለኮከቤም ጭምር። ማልልኝ።"

ማለላት። የወዳጆን አፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ መሐላ ከእንስራው ይከብዳል። "እህ፣ ሐኪሙ ምን አደረገላችሁ?" ሲሉት "እግዚአብሔር ያውቃል" እያለ ጉንጩን ነፍቶ ያልፋል። ሰውም ነገሩ አልሆነላቸውም ብሎ ደመደመ፤ ከንፈር መጠጠላቸው።

ጥር ደረሰ። ዳሱ ተጣለ፣ በጉ ታረደ፣ ሙሽራው በሚዜዎቹ ታጅቦ ከቀየት መጣ። ኮከቤ ለብሳ ተኳኩላ ጓዳ ተቀምጣለች። ግብዣው አልቆ ልትሸኝ ተነሽ ሲሏት ግን አልነሣም አለች።

"ቃሌ ቃል ነው። እማዬ የት አለች?"

ይመኙሻል ዳሱ መሐል ከበሮ አስይዛ "እኔ አወርድልሻለሁ የኔ ቆንጆ፣ ተነሽ" ብትላት ኮከቤ ፊቷን አዞረች። አቶ ተክለጻድቅ ተነሥተው ቆሙ፤ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ የቀየት መንገድ ሩቅ ነው፣ ብርዱ አይጣል ነው። "አቶ ወዳጆ፣ በቀጠርነው ጥር መጥተናል። ልጅቱ ትነሣለች ወይስ አትነሣም?" አሉ። ወዳጆ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ወደ ማድ ቤቱ በር ያያል።

ጥሩሸዋ ከማድ ቤቱ ወጣች። ሰተት ብላ ዳሱ መሐል ሄዳ ቆመች፤ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ ወገቧ ላይ አሠረችው። እልል አለች። ያ እልልታ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ንፋስ አልሾለከበትም፣ አልተንቀጠቀጠም። ኮከቤ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ከበሮ የያዘችው ሴት አፏን ከፍታ ቀረች፤ ይመኙሻል ራሷ ናት ከበሮውን ከእጇ ነጥቃ "ወይኔ እታለም! ጥርስሽ!" ብላ እያለቀሰች የመታችው። ጥሩሸዋ ልጇን መረቀች፣ አማቾቿን አሞገሰች፣ ሙሽራውን አላገጠችበት። ወዳጆ እንባው ጺሙን አልፎ ሲወርድ አላበሰውም። ከዚያ ሳያስበው ፊቷን ወደሱ አዞረች፦

"አጥንቱ የኔ ነው፣ ከገዛ ዳሌዬ፣
እንስራ አዝሎ ግን ያቆመኝ ባልዬ።
ዳገቱን ጠይቁት፣ ምንጩን ጠይቁልኝ፣
ማን ጎኑን ሰጠ ሲሉ ወዳጆ በሉልኝ።"

ወዳጆ ክው አለ። እንስራውን! በአማቾቹ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዳሱ ግን አልሳቀም። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ምንጩ ላይ ያበሸቁት እነዚያው ሴቶች ናቸው። መምሬ ወልደ አማኑኤል መስቀላቸውን አውጥተው "ይኸው፣ እኔስ ጎኑን በከንቱ አልባረክሁም" አሉ። አቶ ተክለጻድቅ ጠጋ ብለው ትከሻውን ያዙት።

"እውነት ነው? እንስራ አዝለሃል?"

ወዳጆ አፉን ከፈተ። ከዚያ ያ የሞላሌ ገበያ ያጣው ድምፅ ከሆዱ ተነሣ። ዱላውን ነጥቆ ዳሱ መሐል ዘለለ።

"ዘራፍ! ዘራፍ እኔ ወዳጆ! እንስራ ያዘልኩ! አንዱን ሰብሬ ሁለተኛውን ያደረስኩ! የሞላሌን ዳገት በጀርባዬ የወጣሁ! ያሳቅኩ፣ የተሳቀብኝ! የጥሩሸዋ ባል!"

ዳሱ ተናወጠ። ጥሩሸዋ ከት ብላ ሳቀች። እጇ ከልማዱ ወደ አፏ ሊሄድ ተነሣ፤ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመና ተመልሶ ወደ ባሏ ተዘረጋ። አራቱም ጥርሶች ለዳሱ ሁሉ እየታዩ፣ እየሳቀች ልጇን ይዛ ወደ በር ሄደች።